የጆንያ ተቀናሽ

ነገሩ በጠቅላላ የወሰደብኝ ይህን ነው፦ አንድ የጭነት መኪና፣ ከድንበሩ ማዶ ኢትዮጵያ በኩል የነበረኝን ቤት፣ ቁልፉ እስኪዝግ ተዘግቶ የከረመ ሱቅ፣ እና የታናሽ እህቴን ግራ ኩላሊት። ሰው ሲጠይቀኝ ሦስቱን ቶሎ እጠራለሁ። አራተኛውን ግን እህቴ በአካባቢው ካለች ዋጥ አደርገዋለሁ። «እሱን ያንተ ወጪ ካልከው የኔ ምን ሊባል ነው?» ትለኛለች።

ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ የጅምላ ሱቅ አለኝ። ስኳር፣ ሩዝ፣ ቦሎቄ፣ መኮሮኒ፣ የፕላስቲክ ጫማ። በዚህ ከተማ ዘንድሮ ከዚህ ወደ ማዶ የሚሻገር ዕቃ ከርሞ ከማዶ ወደዚህ ይሻገራል፤ የነጋዴ ሥራ ዕቃው ፊቱን የሚያዞርበትን ጊዜ ከሌላው ቀድሞ ማወቅ ነው። አባታችን ከደጋው አገር መጥቶ እዚህ የቀረ ነጋዴ ነበር። እኔንና እህቴን እዚሁ ወለደ፤ ለኔ ሚዛኑን፣ ለሷ ምላሱን አውርሶ ሞተ።

የራሴ ኩላሊቶች የሞቱት ሳይነግሩኝ ነው። ድካም ነው አልኩ፣ ሙቀት ነው አልኩ፣ የጎልቦ ሜዳ አቧራ ነው አልኩ። አንድ ቀን ዕቃ ላስጭን ናይሮቢ ወርጄ ደረጃ መውጣት አቃተኝ፤ ሆስፒታል ገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ ከናይሮቢ መውጣት ቀረ። ደሜን አውጥቶ አጥቦ የሚመልስ ማሽን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጠብቀኛል። ማሽኑ እዚያ፣ ሱቁ እዚህ፣ በመካከሉ በረሃ። መኪናው የተሸጠው ያኔ ነው፤ ቤቱም ተከተለው።

የምንታጠበው አንድ ክፍል ውስጥ በወንበር ተደርድረን ነበር። አንድ ቀን አንዱ ወንበር ባዶ ይሆናል። ነርሷ አንሶላውን ቀይራ ሌላ ሰው ታስቀምጥበታለች። ማንም «ያ ሰውዬ የት ሄደ?» ብሎ አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ የኖረ ሰው መልሱን የሚያውቀውን ጥያቄ አይጠይቅም።

እህቴ ሞያሌ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ምግብ ቤት አላት። ሊጠይቁኝ ከሞያሌ የመጡት ሁሉ አልቅሰው ሲሄዱ እሷ ሳታለቅስ መጣች። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ፦

«ጋሼ፣ ሐኪሞቹን አነጋገርኳቸው። ሁለት አለኝ፣ አንዱ ሥራ ፈት ነው አሉ።»

«ማን ነው ሥራ ፈት ያለሽ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። እነሱ በእንግሊዝኛ ነው ያወሩት።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «አንድ ነገር ግን ስማኝ። ሁለተኛ የምሰጥህ የለኝም። ይሄን ብታበላሸው ወደዚያ ወንበር ነው የምትመለሰው። እኔም በአንዱ ቀርቼ ሳይህ ነው።»

ምርመራው ብዙ ወር ፈጀ፤ ተስማማን። ቀዶ ሕክምናው አለፈ። ስነቃ ከጎኔ በተንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ ሽንት ነበር፤ ከዓመት በላይ ያላየሁት ነገር። ሰው ሽንት አይቶ ያለቅሳል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ከሆስፒታል ከመውጣቴ በፊት ቀዶውን የሠራችው ሐኪም መጣች። ከኔ በብዙ የምታንስ ሴት ናት፤ «ምዜ» ነው የምትለኝ፣ በስዋሂሊ ትልቅ ሰው ሲከበር የሚባለውን። ወረቀት ላይ የቦሎቄ ፍሬ የመሰለ ሳለች፤ ከፍሬው ሁለት መስመር አወጣች።

«ምዜ፣ ብዙ ሰው ኩላሊቱ ላይ አንድ ደም አስገቢ ቧንቧ ነው ያለው። የእህትዎ ሁለት ይዞ መጣ፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። ሁለቱንም ወደ እግርዎ ከሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ ጋር ሰፍተናቸዋል። የተሰፋ ቧንቧ ከስፌቱ ላይ ሊጠብ ይችላል። ዛሬ አይደለም። ከወራት በኋላ፣ ድኛለሁ ብለው ከረሱ በኋላ። አያምዎትም። የሚናገረው የደም ግፊትዎ ነው። ጠዋትና ማታ ይለኩ፤ ከመቶ አርባ ካለፈ ይደውሉልኝ።»

«ካልደወልኩስ?»

«ኩላሊቱ ይጠማዋል» አለች፤ ወረቀቱን አጣጥፋ ሰጠችኝ።

የግፊት መለኪያውን ናይሮቢ መሐል ከተማ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። ስህተቱ ከካርቶኑ ይጀምራል። እንደዚያ ያለ ካርቶን በሕይወቴ ብዙ ሸጫለሁ፤ ራዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ የግድግዳ ሰዓት። ላዩ ላይ የሚስቅ ነጭ ቤተሰብ አለ፤ ውስጡ ያለው ዕቃ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ክንዴ ላይ ጠምጥሜ ቁልፉን ስጫን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ ነው ያየሁት። አንድ መቶ ሃያ ስምንት አለኝ። እስኪ እናያለን አልኩት።

ሞያሌ ስመለስ የሱቃችን ረድፍ በሰልፍ ተቀበለኝ። ከኔ በቀኝ ሐጂ አሉ፤ ሥጋ ሻጭ ናቸው፣ የግመልና የፍየል። ከኔ በአሥር ዓመት ይበልጣሉ፤ የግመል ታፋ በአንድ ትከሻቸው ተሸክመው ከመኪና ሲያወርዱ ወጣቶቹ ዞር ይሉላቸዋል። በግራዬ ልብስ ሰፊው አለ፤ በስደተኝነት መጥቶ የቀረ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ጎንደሬ። መለኪያው የኔ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን የረድፉ ሆነ። ጠዋት ሱቅ ከተከፈተ በኋላ ሁሉም እጅጌውን ሰብስቦ ይመጣል።

«አንተ ሐበሻ፣ እስቲ ዛሬ ደግሞ ለጎንደሬው እሰርለት» ይላሉ ሐጂ። «ሚስቱ ትናንት ስትጮህበት ሰምቻለሁ፤ ጣራውን ነው የሚነካው።»

«ሐጂ፣ የርስዎ ሚስቶች ሁለት ስለሆኑ እርስዎ ራስዎ ይቅደሙ እንጂ» ይላል ልብስ ሰፊው።

«እኔ? ሦስተኛ ላገባ እያሰብኩ እንዴት ግፊት ይይዘኛል? ሂድ ወዲያ!» ሐጂ ክንዳቸውን ሰጥተው አያውቁም ነበር። ቢላቸውን ይዘው ቆመው ያሾፋሉ እንጂ።

እህቴም በየጠዋቱ ትመጣለች። ሰላምታዋ ለኔ አይደለም፤ ለኩላሊቷ ነው።

«ልጅቷ እንዴት አደረች?»

«ደህና አደረች።»

«ጠጣች?»

«ሁለት ሊትር።»

አዲስ ደንበኛ ይሄን ሲሰማ ጓዳ ውስጥ የታመመች ልጅ ያለችን ይመስለዋል። ከጎዶማ መንደር የመጣ አንድ ነጋዴ ለልጅቷ ብሎ ብስኩት ገዝቶ ሊሄድ ነበር።

በሦስተኛው ወር ማለቂያ አንድ ጠዋት መለኪያው አንድ መቶ ሃምሳ ሦስት አለ። ደገምኩት፤ መቶ ሃምሳ አምስት። ስልኬን አወጣሁ። ልብስ ሰፊው እጄን ያዘ።

«ምን ልትላት ነው? ማሽኑ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ። ልትጠራህና አውቶቡስ ልታስጋልብህ ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ፈትሽ።»

እዚህ ላይ የኛን ገበያ ማወቅ ያስፈልጋል። ሚዛን ሲጠረጠር የሚፈተሽበት መንገድ አለ፤ ክብደቱ የታወቀ ነገር ይጫንበታል። ከፋብሪካ እንደተሰፋ የመጣ ሃምሳ ኪሎ ስኳር ሚዛኑ ላይ ሃምሳ ሦስት ካለ፣ ሚዛኑ ሦስት ይጨምራል ማለት ነው። ከዚያ ሚዛኑን ማንም አይጥለውም። ሦስቱን እየቀነስክ ትሠራበታለህ፤ የጆንያውን ክብደት እንደምትቀንስ። ሻጭም ገዢም በዚህ አይጣላም።

«የታወቀ ክብደት ከየት ይምጣ?» አልኩ።

ሦስታችንም ሐጂን አየን፤ ሦስተኛዋ እህቴ ናት። ታመው የማያውቁ፣ ክኒን ውጠው የማያውቁ፣ ሐኪም ቤት የገቡት ሰው ለመጠየቅ ብቻ የሆኑ ሰው። በረድፉ ሁሉ ከሳቸው የበለጠ እንደ ፋብሪካ ጆንያ የተሰፋ ሰው አልነበረም።

«ወላሂ እኔን እንደ ስኳር ልትመዝኑኝ ነው!» አሉ። ግን ደስ ብሏቸዋል፤ ቢላቸውን አስቀምጠው ክንዳቸውን ዘረጉ። ጨርቁ አልደርስ ብሎ ልብስ ሰፊው በገመድ ጨመረበት።

አንድ መቶ ሰባ ሁለት።

እንዲያ የሳቅንበት ጠዋት ትዝ አይለኝም። ሐጂ ራሳቸው ግድግዳውን ይዘው ሳቁ። «ይሄ ማሽን ሬሳም ላይ ቢታሰር ግፊት አለው ይላል!» ልብስ ሰፊው ጠመኔውን ከጆሮው አውርዶ በጨርቅ ላይ አሰላ። ጤነኛ ሰው መቶ አርባ ቢሆን፣ ማሽኑ ሰላሳ ገደማ ይጨምራል። ፍርዱ ተሰጠ፦ ሰላሳ፣ የጆንያ ተቀናሽ።

እህቴ ብቻ ዘግይታ ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚነበበውን ሳይሆን የተጣራውን ናይሮቢ ከሐኪሟ ጋር ለምትሠራው ነርስ በስልክ እልክ ነበር። መቶ ሃያ ሦስት። መቶ ሃያ ስድስት። «በጣም ጥሩ ምዜ» እያለች ትመልሳለች። ረመዳን እየቀረበ ነበር፤ በዚህ አገር ከረመዳን በፊት ያለው ሳምንት የስኳር ሳምንት ነው፣ ሩቅ ካለችው ከኡራን መንደር ሳይቀር ሰው በጭነት መኪና እየመጣ ይጭናል። የወሩ የደም ምርመራዬ እዚያ ላይ ወደቀ። ነርሷን ላራዝመው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ቁጥሮችዎ ደህና ናቸው፣ ትንሽ ቢዘገዩ ግድ የለም አለችኝ። ያልኳትን ነው የመለሰችልኝ።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር መጣ። ኩላሊቷ የተቀመጠችው ከሆዴ በታች በቀኝ በኩል፣ ቆዳዬ ሥር ነው። ቀጭን ሰው ስለሆንኩ በእጅ ትዳሰሳለች። አንድ ቀን መዳፌን ሳሳርፍባት ትነዝራለች፤ እንደ ድመት፣ ስትታሻሽ እንደምታሰማው ዓይነት። እህቴን ጠራኋትና መዳፏን አስቀመጥኩላት። ረጅም ጊዜ አላነሳችውም።

«ታንኮራፋለች» አለች።

«ጠግባ ነው።»

«እኔ ጋ ሳለች አታንኮራፋም ነበር።»

«አንቺ ጋ እኮ ሥራ ፈት ነበረች። አሁን ደክሟት ነው።»

ሳቀች። ከዚያ በኋላ ሰላምታችን ላይ አንድ ጥያቄ ተጨመረ፤ «ታንኮራፋለች?» ትለኛለች፣ «ታንኮራፋለች» እላታለሁ፣ ሁለታችንም ደስ ብሎን እንለያያለን። ያን ማንኮራፋት የሕይወት ምልክት አድርገን ነበር የያዝነው። ሌሊት ሌሊት መዳፌን እያሳረፍኩባት ነበር የምተኛው።

መጀመሪያ ያየው ልብስ ሰፊው ነው። ዓይኑ የሰለጠነው በልኬት ነው።

«ሱሪህ ከታች ይጠብብሃል። ላስፋልህ?»

«ወፍሬያለሁ።»

«ሰው ከቁርጭምጭሚት አይወፍርም» አለኝ፤ የእግሬን ጫፍ እያየ።

ያን ቀን ከሰዓት እህቴ ምሳ ይዛ መጣች። ጫማዬን አውልቄ ነበር። ሳህኑን አስቀምጣ፣ ተንበርክካ አውራ ጣቷን ከእግሬ ላይ ተጫነች። ስታነሳው ጉድጓዱ ቀረ። ሁለታችንም እስኪሞላ ጠበቅነው። ውጭ የውሃ ጋሪ የሚጎትት አህያ አለፈ፤ አንድ ደንበኛ የስኳር ዋጋ ጠይቆ ተመለሰ። ጉድጓዱ እዚያው ነበር።

«ማሽኑን አምጣው» አለች።

ሁለት መቶ አንድ።

«ሰላሳ ተቀንሶ...» ስል፣

«ጋሼ!» አለች። እንደዚያ ጮኻብኝ አታውቅም። «ሰላሳ ተቀንሶም መቶ ሰባ አንድ ነው! እኔ እኮ ምግብ ቤት ነው ያለኝ፣ ሒሳብ አላውቅም እንዴ?»

ያን ጊዜ መደወል ነበረብን። ግን አሁንም ረድፉ ነው የቀደመው። ልብስ ሰፊው ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል ካለው መድኃኒት ቤት የሚያመጣት ክኒን አለች፤ ለራሱ ግፊት የሚወስዳት። ከረድፉ ግማሹ ያቺን ነው የሚውጠው። ራስ ምታት ሲይዘን ከአንዱ ኪስ እንደምንካፈል ሁሉ፣ የግፊት ክኒንም እንካፈላለን። «ይቺን ውሰድ፣ እስከ ነገ ታወርድልሃለች፤ ከዚያ ትደውላለህ» አለ። ዋጥኩ። እውነትም አወረደችው። በሁለተኛው ቀን መለኪያው መቶ ስልሳ አለ፤ ልብስ ሰፊው እንደ ሐኪም ደረቱን ነፋ።

ሽንቴን የምለካበት ባለ መስመር የፕላስቲክ ማሰሮ ነበረኝ። በሁለተኛው ቀን ማታ ከሥሩ ብዙም አላለፈም። በማግስቱ ጠዋት እህቴ መጥታ ሰላምታዋን ሳትጀምር ማሰሮውን አየችው። ወደ ብርሃን አነሳችው። አስቀመጠችው።

«ተነስ» አለች። «ምግብ ቤቱን ዘግቼዋለሁ።»

የዚያን ቀን የናይሮቢ አውቶቡስ ያዝን። አዲሱ አስፋልት አልቆ ስለነበር መንገዱ ቀን ለቀን ያደርሳል። ጎልቦን ስናቋርጥ ሜዳው ሁሉ ነጭ ነበር፤ ዝናብ ቀርቶ ግመሎቹ ራሳቸው ጥላ አጥተው በቆሙበት ቆመዋል። አውቶቡሱ በየተወሰነው ይቆማል፤ ወንዶቹ ወርደው ከእሾሁ ጀርባ ይበተናሉ፣ ሴቶቹ በሌላው በኩል። ሰው ሁሉ ቀለል ብሎት እየሳቀ ይመለሳል። እኔ አልወርድም። መጀመሪያ ላይ እህቴ ወደ እኔ ዞር ትል ነበር። ሁለት ጊዜ ውሃ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ። ውሃው ገባ እንጂ የትም አልሄደም። መጨረሻ ላይ ሲቆም ሁሉም ወረደ፤ ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

«ምዜ፣ አትወርድም?»

«አልፈልግም።»

«ጎበዝ ነህ» አለኝ።

እህቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሐኪሟ ሆዴ ላይ ማዳመጫውን አሳረፈች። ወዲያው ከፊቷ ላይ አንድ ነገር ጠፋ። ትንሽ ቆይታ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውጥታ እህቴ ጆሮ ላይ ሰካችው።

«ምን ይሰማሻል?»

እህቴ ሰማች። «ሽው፣ ሽው፣ ሽው... ዶክተር፣ ይሄን እናውቀዋለን። ታንኮራፋለች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረመዳን በፊት ጀምሮ።»

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «የውሃ ጎማ ጫፉን በጣት ስትጫኚው እንዴት ይጮኻል? ይህ እሱ ነው። ጤነኛ ቧንቧ ዝም ነው የሚለው።»

እህቴ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አላወጣችም። ያን ሁሉ ጠዋት ሁለታችን ደስ እያለን የተለያየንበት ድምፅ ምን እንደነበረ አሁን ገባት። እኔም ገባኝ። እኛ ስንስቅ ልጅቷ ታንቃ ነበር።

ከዚያ ክኒኗን ለሐኪሟ አሳየኋት። ስሟን አንብባ ዓይኗን ጨፈነች። ቧንቧው ለጠበበ ኩላሊት ይቺ ክኒን የመጨረሻዋን ጭላጭ ግፊት ነው የምትወስድበት አለች፤ ለጎንደሬው መድኃኒት ናት፣ ለኔ ማሰሪያ። ከዚያ የላክኩትን ቁጥር ጠየቀች። የጆንያውን ተቀናሽ ነገርኳት። በስዋሂሊ ሳስረዳት ሁለት ጊዜ ደገምኩላት፤ ቋንቋው ሳይሆን ሐሳቡ ነው ያልገባት። ነርሷ ይዤ የመጣሁትን መለኪያ በአንድ ክንዴ፣ የሆስፒታሉን በሌላው አሰረች።

እኩል ነበሩ። ማሽኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እውነቱን ነበር የሚናገረው።

ያን ጊዜ ስለ ልጅቷ ብቻ ነበር የማስበው፤ ስለ ሌላ ሰው ማሰብ የመጣው በኋላ ነው።

በድምፅ ሞገድ አዩኝ፤ ወፍራሙ ቧንቧ ስፌቱ ላይ ክር አክሏል። ቀጭኑ አልታይ አለ። ሐኪሟ የምታደርገውን ነገረችን፦ በብሽሽቴ በኩል ሽቦ ታስገባለች፣ በሽቦው ላይ ፊኛ፣ ፊኛው የጠበበውን ይገፋዋል፣ ከዚያ እንዳይመለስ የብረት ወንፊት የመሰለ ቱቦ ትተዋለች።

«ሊሳካ ይችላል» አለች። «ቧንቧው ሊቀደድም ይችላል። ደም ሊረጋበትም ይችላል። ያኔ ኩላሊቱን የምናጣው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው።»

«ባንነካውስ?» አልኩ።

«ያኔ ቀስ ብለን ነው የምናጣው።»

ነጋዴ ነኝ፣ ሦስተኛ መንገድ ፈለግኩ። «የርስዎ ቢሆን ምን ያደርጉ ነበር?»

«የኔ አይደለም» አለች። «የርስዎም አይደለም።» ወደ እህቴ ዞረች።

እህቴ ፊርማው የኔ መሆኑን ታውቃለች። ግን ሐኪሟ ስላየቻት መመለስ እንዳለባት ተሰማት። «እኔ የሰጠሁት ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ እንድትሞት አይደለም» አለች። «ግቡ።»

ስገባ ነቅቼ ነበር፤ ብሽሽቴን ብቻ ነው ያደነዘዙት። ጣሪያው ላይ አንድ መብራት ይርገበገብ ነበር። ሐኪሟ ከነርሶቹ ጋር በእንግሊዝኛ ታወራለች፤ ድምጿ ዝቅ ሲል እፈራለሁ፣ ከፍ ሲል እፈራለሁ። አንድ ጊዜ ሁሉም ዝም አሉ። ከቀኝ ሆዴ ሥር የሆነ ነገር ሲገፋ ተሰማኝ፤ ሕመም አይደለም፣ የቤት በር ከውስጥ ሲገፋ ዓይነት። ከዚያ ሐኪሟ አንድ ቃል ተናገረች፣ ሁሉም መንቀሳቀስ ጀመሩ። ምን እንዳለች ጠይቄ አላውቅም።

ወደ ክፍሉ ሲመልሱኝ ከረጢቱ ከአልጋው ጎን ተንጠልጥሎ ነበር፤ ባዶ። እህቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ከረጢቱ ትክክል እንዲሆን። ነርሷ ወንበር አምጥታላት ነበር፤ አልፈለገችም።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ወደዚያ ወንበር ብትመለስ ሱቁን ሽጠው። ማንንም አትጠብቅ።»

«እሺ።»

«እኔን አትመልከት ማለቴ ነው።»

«እሺ አልኩሽ።»

ከዚያ ቱቦው ውስጥ ቢጫ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቆመ። እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ከረጢቱ ሥር አንድ ጠብታ ወደቀ። እህቴ ጣቷን ከረጢቱ ላይ አስቀመጠች። «ሙቅ ነው» አለች። እስኪመሽ ድረስ ጣቷን አላነሳችም።

በማግስቱ ሐኪሟ መጣች። ወፍራሙ ተከፍቷል። ቀጭኑ ቧንቧ ግን ከመምጣታችን በፊት ተዘግቶ ነበር፤ እሱ ያጠጣው የነበረው የኩላሊቱ የታችኛው ክፍል ሞቷል፣ አይመለስም። የቀረው እንዳለ ይሠራል፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም አለች። መዳፌን አሳረፍኩባት። ዝም ብላለች። ያን ዝምታ እስካሁን አልለመድኩትም።

መለኪያው ትክክል ከሆነ የሐጂ መቶ ሰባ ሁለትም ትክክል ነው። ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ደወልኩላቸው።

«ሐጂ፣ ማሽኑ ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! አንተስ?»

«እኔም ተርፌያለሁ። ሐጂ፣ ማሽኑ ደህና ነው ነው የምልዎት። አልጨመረም። ያኔም አልጨመረም።»

ስልኩ ውስጥ የቢላው ድምፅ ቆመ።

«ፋብሪካ ነው የተሰፋሁት አላችሁኝ እኮ» አሉ።

«ብለናል።»

ልብስ ሰፊው ሐኪም ቤት ይዟቸው ሄደ። ግፊታቸው ከኛው ንባብ በላይ ነበር፤ ሽንታቸው ሲመረመር ደግሞ ኩላሊታቸው ማፍሰስ ጀምሯል ተባለ። ለስንት ዓመት ሲሠራባቸው እንደኖረ ማንም አያውቅም። ስመለስ በሱቄ በር ቆመው አገኘኋቸው፤ የግመል ታፋውን የሚያወርዱት ወጣቶቹ ናቸው። ዛሬ መለኪያው ሲመጣ ከሁሉ ቀድመው ክንዳቸውን የሚዘረጉት እሳቸው ናቸው፤ የሚያሾፍም የለም። ማንም የሚቀንስም የለም።

አንድ ቀን ሱቁ ባዶ ሲሆን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«አንተ ሐበሻ፣ ይሄ የእህትህ ነገር... እህት መሆን አለበት?»

«ወንድምም ይሆናል። ልጅም ይሆናል። ደሙና ሥጋው ከተስማማ።»

«ልጆቼን አልጠይቅም። እህት የለኝም» አሉ፤ ወደ ሥጋቸው ተመለሱ።

እህቴ አሁንም በየጠዋቱ ትመጣለች፤ ልጅቷ እንዴት አደረች ማለት ግን ትታለች። ማሰሮውን አይታ ትሄዳለች።

ሒሳቡ ይህ ነው። እኔና እህቴ ከእናታችን ይዘን የወጣነው አራት ኩላሊት ነበር። ሁለቱ ሞተዋል። አንዱ ሙሉ ነው። አንዱ በከፊል ይሠራል።